የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን

ሐምራዊት ዮኤልን ያወቀችው በፔይቼኩ፣ በደመወዝ ወረቀቱ ነው።

ጁን ማለቂያ ላይ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሞርስ ሮድ ባለው፣ በምትሠራበት የእትዬ ሸዋረጋ የታክስ ቢሮ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ረጅም፣ ከሲታ ወጣት ገብቶ የታጠፈ ወረቀት ፊቷ ዘረጋ። ፖላንድ የሚማር ኢትዮጵያዊ ነው። በተማሪዎች የእረፍት ሥራ ቪዛ ለክረምቱ መጥቶ፣ ኒው አልባኒ ያለ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳል።

«ከላቤ ላይ ማን ማን እንደሚወስድ ልታስረጂኝ ትችያለሽ?» አላት።

ሳቀች። ከዚያ በጣቷ መስመር በመስመር አሳየችው።

«ኢንካም ታክስ አይቀርልህም፤ የፌዴራልም፣ የኦሃዮም፣ የከተማውም። እኛ ነዋሪዎቹ ታክስ የማይነካው መነሻ አለን። አንተ ግን ከመጀመሪያዋ ዶላር ትጀምራለህ። ይሄ ለጡረታና ለሕክምና የሚቆረጠው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ደግሞ በፍጹም አይመለከትህም፤ በስህተት ነው የቆረጡብህ። እንዲመልሱልህ ጠይቅ። እምቢ ካሉ፣ በጃንዋሪ ደብሊው ቱ፣ የዓመቱ የደመወዝና የታክስ ወረቀት፣ ሲመጣ እኛ እንከራከርልሃለን።»

«በጃንዋሪ እኔ የለሁም።»

ቀለል አድርጎ ነው የተናገረው። እሷ ግን ጣቷ የት መስመር ላይ እንደነበረ ጠፋት።

ሆቴሉ ጋ የሚደርስ አውቶቡስ ስላልነበረ ታደርሰው ጀመር። ፓርኪንጉ ውስጥ ሰዓቱ እስኪደርስ አብረው ይቀመጣሉ። አንዳንዴ ያወራሉ፤ አንዳንዴ የሚሰማው የመኪናው ኤሲ ብቻ ነው። አንድ ቀን ክሎሪን የላጠውን መዳፉን አገላብጣ አየችና ሳትለቀው ቀረች። እሱም አልነጠቃትም። ደብዳቤ የሚቀበልበት ቋሚ አድራሻ ስላልነበረው፣ ለሆቴሉ ፒከሪንግተን ያለውን የቤተሰቦቿን ቤት አድራሻ ሰጠ።

ኦገስት ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ምሳ ጋበዘችው። አባቷ ጋሽ አሥራት ከስደተኞች ካምፕ መጥተው ሃያ ዓመት ትራክ የነዱ ሰው ናቸው። በትሕትና አስተናገዱት። ሲሄድ ግን ልጃቸውን ጠሯት።

«ይሄ ልጅ አንቺን አይደለም የሚያየው፤ ወረቀትሽን ነው። ስምንት ዓመት ካምፕ የኖረ ሰው ወረቀት የራበው ዓይን አይጠፋውም።»

ተቆጣች፤ ራት ሳትበላ ተኛች። ቃሉ ግን ውስጧ ቀረ። በሳምንቱ ፓርኪንጉ ውስጥ እንደተቀመጡ ከአፏ አመለጣት።

«ሲቲዝን ባልሆን ኖሮ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር?»

ዮኤል ለረጅም ጊዜ አያት። ወርዶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት አሜሪካን ለቆ ሄደ። ደጋግማ ኮል ብታደርግም አላነሳም።

ጃንዋሪ መጨረሻ ደብሊው ቱው ፖስታ ሳጥናቸው ውስጥ ገባ። በዚያው ሰሞን አጭር መልእክት ደረሳት፦ «ወረቀቱ ከመጣ ፋይል አድርጊልኝ። ከታክሱ የሚመለሰው ሪፈንድ ለትምህርት ክፍያ ያስፈልገኛል።»

ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች የተዘጋጀውን ቅጽ ከፈተች። አሜሪካ የገባበት ቀን። የወጣበት ቀን። ሁለቱንም በቃሏ ሞላች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ላይ እጇ ቆመ፦ ግሪን ካርድ ለማግኘት አመልክተህ ታውቃለህ?

«የሰው መልስ በግምት አይሞላም፤ ደውለሽ ጠይቂው» አሉ እትዬ ሸዋረጋ ከኋላዋ።

በዚህኛው ጊዜ አነሳው።

«ዮኤል፣ ቅጹ ነው የሚጠይቅህ። ግሪን ካርድ አመልክተህ ታውቃለህ?»

«አላመለከትኩም።»

«እሺ።»

«ያን እሑድ አባትሽን ልጠይቅ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ትምህርቴን እስክጨርስ ሁለት ዓመት እንድትጠብቂኝ፣ ከዚያ እኔ ጋ እንድትመጪ። አሜሪካ መቅረት አስቤም አላውቅም።»

«ታዲያ ስጠይቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«አንዴ እንደዚያ ካሰብሽ፣ ምን ብልሽ ታምኚኝ ነበር?»

እንባዋን አልደበቀችውም። «ይቅር በለኝ። አሁን ብመጣስ?»

ከሱ ወገን ባቡር አለፈ። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀ።

«ከኖቬምበር ጀምሮ ብቻዬን አይደለሁም፣ ሐምራዊት።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ «አይ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች።

ማታ ፓርኪንጉ ውስጥ የጠየቀችውንና እሱ ዛሬ የመለሰላትን ሁሉ ለአባቷ ነገረቻቸው። ጋሽ አሥራት የቆረሱትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱት።

«በድዬሻለሁ፣ ልጄ።»

«የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች።

የሪፈንዱ ቼክ የመጣው ጁን ላይ ነው። በዕለቱ በአደራ ደብዳቤ ፖላንድ ላከችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልእክት ገባላት፦

«ቼኩ ደርሶኛል። እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ።»

በዚያ ሁሉ የክረምት ወር አንድ ቀን እንኳ እህቴ ብሏት አያውቅም ነበር።