ክር ያልታሰረበት ገብስ

ዶክተር ወልደኪዳን የሞቱት ቢሯቸው ውስጥ፣ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ነው። ኩባያቸው ውስጥ የተበጠበጠ በሶ ተርፏል፤ አጠገቡ ባለቤታቸው የላከችላቸው ምሳ ዕቃ ባዶውን ተቀምጧል። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው የገብስ ምርምር ጣቢያ ወሬው ከፖሊስ መኪና ቀድሞ ተዳርሶ ነበር፤ «ሚስቱ ናት አሉ።» ወሬ መቼ ማስረጃ ጠይቆ ያውቃል!

ኢንስፔክተር ለተጊዮርጊስ ወሬውን በር ላይ ትታ ገባች። ምሳ ዕቃውን በጓንት አንስታ አገላበጠችው። ውስጡ በጨርቅ ተወልውሏል።

«ሊሞት እያጣጣረ ያለ ሰው ዕቃ ይወለውላል?» አለች ለራሷ። ከክዳኑ ጎማ ሥር ትንሽ የበሶ ዱቄት ተሰንቅሮ አገኘች፤ ጠርጋ በወረቀት ቋጠረችው።

የሐኪሙ ቃል አጭር ነበር። እህል ውስጥ የሚጣለው የነቀዝ ኪኒን ነው የገደላቸው።

ደመቀች፣ የሟቹ ባለቤት፣ ጥያቄ እስኪመጣላት አልጠበቀችም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ገብሱ ነቅዞብኝ ከአብዱልጀሊል ሱቅ ኪኒን ገዝቼ ጆንያው ውስጥ ጥዬ ነበር። አንዷን ሳላያት ከገብሱ ጋር አስፈጭቻት ይሆናል።»

«ጠብ ነበራችሁ?»

«ተጨቃጭቀን 'በሶሽን አልፈልግም' ብሎ ወጣ። ጨጓራ አለበት፣ ባዶ ሆዱን መዋል አይችልም ብዬ በሰው ላክሁለት። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!»

እስር ቤቱን አልፈራችውም። የፈራችው ትንሿ ልጇ «አባቴን የገደለችው እናቴ ናት» እያለች ማደጓን ነው።

የአልዩ አምባው ነጋዴ አብዱልጀሊልም አንገቱን ደፍቶ ቀረበ። «ወላሂ፣ ከሚበላ እህል ጋር እንዳታደርጊው ብዬ ልነግራት ይገባኝ ነበር። ገበያ በዝቶብኝ ዝም ብዬ ሸጥኩላት። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

የሟቹ ረዳት የነበረችው ኬሚስቷ ሮዳስ ደግሞ የራሷን ይዛ መጣች። «ሲያቃስቱ ሰምቻለሁ። በስልክ ከባለቤታቸው ጋር የሚጨቃጨቁ መስሎኝ በሬን ዘጋሁ።»

እንዲህ ነው፤ በዚያ ጣቢያ ጥፋት የሌለበት ሰው አልተገኘም። መርማሪዋ መስኮቱን ተመለከተች። ውጭ ባለው የገብስ መደብ አንዳንዱ ዛላ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

«ያ ምንድን ነው?»

«ምልክት የተደረገበት ገብስ ነው» አለች ሮዳስ። «የድሮ የመዘዞ ዘር ነው፤ ከገበሬው እጅ ከጠፋ ቆይቷል። የሰጠነው ማዳበሪያ ናይትሮጅኑ ከተለመደው በጥቂቱ ይከብዳል፤ አይሶቶፕ እንለዋለን። ከሥር ተስቦ እስከ ፍሬው ይዘልቃል። ከማዳበሪያው ስንቱን ገብሱ እንደበላው፣ ስንቱን ዝናቡ እንደወሰደው የምናውቀው በዚያ ነው።»

«ሰው ይጎዳል?»

«አይጎዳም። ዓይንም ምላስም አይለየውም። የሚለየው መሣሪያ ብቻ ነው።»

ለተጊዮርጊስ ወደ መደቡ ወረደች። መሐል ላይ ጎንበስ ብላ ስታይ ዛላቸው የተቀነጠሰ አገዳዎች አገኘች። ለማንም ትንፍሽ ሳትል ከኩባያውና ከክዳኑ የወሰደችውን ናሙና መሣሪያው ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ ላከች።

የመጋዘን ኃላፊው አቶ ገብረ ሕይወት በር ላይ ጠበቋት። የሟቹ የመዘዞ አብሮ አደግ ናቸው፤ የሟቹ ልጅ የክርስትና አባትም እሳቸው ናቸው።

«ስለ እመቤታችን፣ ደመቀችን ይማሯት። ሳታውቅ ያደረገችው ነው።»

«አበልጅዎ ናት። 'ንጹሕ ናት' አይሉም?»

«እሷው አመነች እኮ» አሉና ባርኔጣቸውን አሻሹ።

ውጤቱ እንደመጣ መርማሪዋ ሁሉንም በጣቢያው አዳራሽ ሰበሰበች። ደመቀችም በፖሊስ ታጅባ መጣች።

«ምሳ ዕቃውን የወለወለው ሟቹ አይደለም» ብላ ጀመረች ለተጊዮርጊስ። «ታዲያ ማን ነው? ለምንስ? መልሱ በሶው ውስጥ ነው። በሶው አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር። ክዳኑ ሥር የቀረው የደመቀች ነው፤ ተራ ገብስ ነው፣ መርዝም የለበትም። ኩባያው ውስጥ ያለው ግን መርዝ አለበት። የተፈጨውም ምልክት ካለበት ገብስ ነው።»

አቶ ገብረ ሕይወት ብድግ አሉ። «መሣሪያው ተሳስቷል! ክር የታሰረበትን ማንም አልነካውም፤ የተቆረጠው ክር የሌለው ነው!»



«ገብስ ተቆርጧል ብዬ ለማንም አልነገርኩም» አለች መርማሪዋ።

ሮዳስ በሐዘን ተመለከተቻቸው። «ጋሽ ገብረ ሕይወት፣ ክሩ የምንመዝነውን ዛላ ለማወቅ ያሰርነው ነው። ምልክቱ ማዳበሪያው ነው፤ መደቡ በሙሉ ጠጥቶታል።»

ሰውዬው በግ ጆሮው ላይ በተቆረጠ ምልክት በሚለይበት አገር ነው ያደጉት፤ ምልክት ማለት ለእሳቸው በዓይን የሚታይ ነገር ነው። አገሬው «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላል። የእሳቸውን ግን ገብሱ ብቅል እስኪሆን እንኳ ሳይጠብቅ አወጣው።

«የእናቴ ማሳ ገብስ ነበር» አሉ ተቀምጠው። «ለሁለታችን የልጅነት በሶ ላምጣ ብዬ ቆልቼ አስፈጨሁት። ገብስ ወሰደ እንዳልባል ዱቄቱን ከመጋዘኑ ጆንያዎች መሐል ሸሸግሁት። ራሴ እዚያ የበተንኩት ኪኒን ተፈርፍሮ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል ብዬ አላሰብኩም። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ነኝ፤ 'ለጨጓራህ ነው፣ አንተ ቅደም' ብዬ ሰጠሁት።»

«ከዚያስ?»

«ስመለስ ሞቷል። ፈራሁ። ምሳ ዕቃው ሳይነካ ተቀምጦ ነበር፤ የእሷን በሶ ደፍቼ ወለወልኩት።»

«ኪኒኑ ስሕተት ነው፤ ፍርድ ቤቱም ስሕተት ይለው ይሆናል» አለች ለተጊዮርጊስ። «ጨርቁን ሲያነሡ ግን አልተሳሳቱም።»

ደመቀች ቀና አለች። «የኔን በሶ አልቀመሰውም ማለት ነው?»

«አልቀመሱትም።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጭንቀቷ ወረደላት፤ ባሏ እንደተቀየማት መሞቱ ግን ያው ነው። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረች።

«አበልጄ፣ 'እኔ ነኝ የገደልኩት' እያልኩ ፊቴን ስነጭ እጄን ይዘው 'እግዜር ይቅር ይልሻል' ያሉኝ እርስዎ አልነበሩም?»

አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ አባባ ብላ የምትጠራው ሰው የቀራት እርስዎ ብቻ ነዎት። ማታ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

ፖሊሱ የአቶ ገብረ ሕይወትን ክንድ ይዞ ሲያስነሣቸው ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ ረስተው ወጡ።