የእናት ስም

ወላሂ ይሄ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ ዲላ መጥቶ እታገኝን ይጠይቃት... ከመለሰችለት።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፣ ቀትር። ሰው ጨለማውን ሲፈራ የቀትሩን ጋኔን ይረሳል።

እታገኝ መናኸሪያው አካባቢ የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች፤ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጆግ። እኔ ሙሐሲን ነኝ፤ ከጎኗ ሞባይል እጠግናለሁ።

እታገኝ ሁለት ልጅ ቀብራለች። ሦስተኛዋ ስትወለድ አሮጊቶቹ መከሯት።

"ስሟን ደብቂ። በውሻ ስም ጥሪያት፣ ሞት ንቋት ይለፍ።"

ልጅቷ ቡቺ ተባለች። እውነተኛ ስሟን ከእናት አባቷና ካጠመቋት ቄስ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷ ራሷም አታውቀው። አምስት ዓመት ሞላት፣ ጉንፋን እንኳን ሳይነካት። ስትተኛ ግራ ጆሮዋን በጣቷ ጎተት ጎተት ታደርጋለች።

ያን ሰሞን እታገኝ እንቅልፍ አጣች።

"ሙሐሲን፣ ልቤ ዝም ብሎ ይደነግጣል" አለችኝ።

አሳዘነችኝ። ስልኳ ላይ አንድ ጨዋታ ከፈትኩላት። ዳውንሎድ አይፈልግ፣ ብሮውዘር ላይ ነው። ቡችላ ማብላት፣ ማጠብ፣ ማበጠር... በቃ። ማሸነፍ የለ፣ መሸነፍ የለ። ስክሪኑን በጣት ሲደባብሱት ቡችላዋ ትተኛለች። ትንፋሿ ይሰማል።

እጄን በቆረጠው ኖሮ።

ወደደችው። ደንበኛ መጥቶ ቢቆም እንኳን አትሰማም።

"ጭንቀቴን ወሰደልኝ እኮ! አላህ ይስጥህ" አለችኝ፣ ክርስቲያን ሆና ሳለ። አብረን ሳቅን።

በሳምንቱ፣ ሐሙስ ቀትር ላይ...

መንገዱ ጭር ብሏል። ቡቺ ከባንኮኒው ጀርባ ካርቶን ላይ ተኝታለች። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የነበረው ጨዋታ በአማርኛ ጠየቀ።

"ስም?"

እታገኝ ቡቺ ብላ ልትጽፍ ነበር። ከዚያ ሳቀች። ልጄ የውሻ ስም ከያዘች፣ ውሻዋ የልጄን ብትይዝ ምናለበት? ማን ያየዋል?

"ሀሴት" ብላ ጻፈች። በአምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሌላ ጥያቄ መጣ።

"የእናት ስም?"

ስምን ከነእናት ስም የሚጠይቅ ማን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። እሷም ታውቃለች። ግን ጣቷ ቀድሟት ጽፎ ጨርሷል።

ቡችላዋ ጭራዋን መቁላት አቆመች።

ስክሪኑ ላይ ከኋላዋ የነበረው አረንጓዴ ሜዳ የለም። የተደረደረ ሳፋ ነው ያለው። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ... ልክ እንደ ሱቋ።

"ቡቺ?" አለች እታገኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከባንኮኒው ጀርባ ልጅቷ መለሰች።

"ቡቺ ማናት?"

"አንቺ ነሻ... ልጄ..."

"እኔ ሀሴት ነኝ።"

"ማን ነገረሽ?"

"እሷ። እየጠራችኝ ነው..."



"አቤት!" አለች ልጅቷ ከዚያ። ለእናቷ አልነበረም።

የእታገኝን ጩኸት ሰምቼ ዘልዬ በሯ ላይ ደረስኩ። እናትየው ካርቶኑ ላይ ተደፍታለች። ቡቺ የለችም፣ የካርቶኑ ሙቀት ግን አልበረደም። ትንሿ ነጠላ ጫማ እዚያው ናት። ሱቁ አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ እሱ ላይ ደግሞ እኔ ቆሜያለሁ። በአጠገቤ ማንም አላለፈም።

ፖሊስ መጣ፣ ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ፣ ወንዙ ተፈተሸ። ምንም።

ይኸው ስምንት ወር ሆነ።

አንድ ቀን ስልኩን ልሰብረው ስል እታገኝ እጄን ነከሰችኝ። ወላሂ፣ ነከሰችኝ!

"አትንካው! ይርባታል!"

ጧት ታበላታለች፣ ማታ ታጥባታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኩን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ወደ እኔ ትሮጣለች።

"ሙሐሲን... በእናትህ... ሁለት ፐርሰንት ነው የቀራት።"

ፓወር ባንኬ ላይ እሰካላታለሁ። ምን ላድርግ? ጥፋቱ የእኔ ነው። ስሰካ ግን ስክሪኑን አላይም።

ትናንት አየሁት።

እታገኝ በጣቷ እየደባበሰች "እሹሩሩ" ትላለች። ቡችላዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ የፊት እግሯን ቀስ ብላ አነሳችና...

ግራ ጆሮዋን ጎተት ጎተት አደረገችው።