የጥቁር እንጨት ቅጠል ፍለጋ

ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጥቶ ገደሉ አፋፍ ሲደርስ ጉሙ ወረደና አገሩን ሁሉ ዋጠው። ምንይችል ቆመ። ከኋላው ለከሰል የተተከለው ዲከረንስ የሚሉት የፈረንጅ ግራር በረድፍ በረድፍ ተገትሯል፤ ዛፉ ሁሉ አንድ፣ መንገዱ ሁሉ አንድ። ስልኩን አየ፤ ኔትወርክ የለም። ቢኖርስ ለማን ይደውላል? አብረውት ትምህርት የጀመሩት ተመርቀው ሄደዋል፤ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

የሚፈልገው እርጥብ የጥቁር እንጨት ቅጠል ነው። የቅጠሉ ጭማቂ፣ መርዘኛ ኬሚካል ሳይገባበት፣ በውኃ የሟሟውን የብር ጨው በዓይን ወደማይታይ ደቃቅ የብር ቅንጣት ይለውጥልኛል፤ ቅንጣቱም ቁስል የሚያመረቅዘውን ተህዋስ ይገድላል ብሎ ተነሥቷል። ከገበያ በገዛው ደረቅ ቅጠል ሞክሮ ከሽፎበታል። የተረፈችው የብር ጨው ለአንድ ሙከራ ብቻ ትበቃለች፤ እሷም ከከሸፈች ልፋቱን ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። ጥቁር እንጨት ደግሞ ዲከረንሱ ገፍቶት ከገደሉ ውስጥ በቀር የለም።

ወረደ። ዝናቡ ተከተለው። ጭቃው አንሸራተተው፣ እሾሁ ቧጠጠው። ከቁጥቋጦው ጅብ ብድግ ሲል ድንጋይ አንሥቶ ጮኸ። ጅቡ ዞር ብሎ አየውና ቀስ እያለ ሄደ።

«አንተም ናቅኸኝ?» አለው። ከነጋ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ወንዙን ሲሻገር ደራሽ ጎርፍ መጣበት። እግሩን ጠርጎ ጣለው፤ የዛፍ ሥር ጨብጦ ተንጠለጠለ። ማዶ አንዲት ማጭድ የያዙ እናት ቆመው ያዩታል።

«እናቴ! ይድረሱልኝ!»

ሴትዮዋ ዝም።

«ኧረ ስለ ማርያም! ሰው አይደሉም እንዴ?»

አሁንም ዝም። ግን መቀነታቸውን ፈቱና አንዱን ጫፍ ከዛፍ አስረው ሌላውን ወረወሩለት። ጎትተው አወጡት። ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዳገቱን ተያያዙት። ያን ጊዜ ገባው። መድኃኒት ሊቆርጥ የወጣ ሰው ቅጠሉን ሳይቆርጥ አይናገርም፤ ከተናገረ መድኃኒቱ አይሠራለትም። ከልጅነቱ የሚያውቀውን ወግ ረስቶ ሰድቧቸዋል። በጣም አፈረ።

አፉን ዘግቶ ተከተላቸው። ከአንድ ትልቅ ጥቁር እንጨት ሥር ቆመው ቅጠሉን ቆርጠው ሲጨርሱ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተረፍህ፣ ልጄ? ዝም ያልሁህ ጨክኜ አይደለም። የሴት ልጄ እግር አመርቅዞ አልድን ብሎኝ ነው።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ማን ልበልህ?»

«ምንይችል።»

«በዚህ ዝናብ ብቻህን?»

ዕንባው ከዝናቡ ጋር ወረደ። እሳቸውም ያላዩ መስለው ቅርንጫፉን ዝቅ አድርገው ያዙለት፤ ቆረጠ። ውኃው ሲጎድል አሻገሩትና መንገዱን አሳይተውት ተለያዩ።

በማግስቱ የቅጠሉን ጭማቂ በሟሟው የብር ጨው ላይ ጠብ አደረገ። የጠራው ፈሳሽ ቢጫ ሆነ፤ ቆይቶ ቡናማ። ሠራ፤ ጨዉ ወደ ብር ቅንጣት ተለውጧል! ለሰው ሊያሳይ ዞር ሲል ያገኘው ባዶ ወንበር ነው። ይህን ለማን ልንገር ብሎ ቢያስብ ከእኒያ እናት በቀር ሰው አልመጣለትም።

ቅዳሜ አዲስ ቅዳም ገበያ ወጣ። ሰው መጠየቅ የሚከብደው ልጅ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ይጠይቅ ጀመር። «አንዲት እናት፣ ልጃቸው እግሯን የታመመች…»

«ስማቸውን ንገረኛ!» አለው አንዱ ከሰል ሻጭ።

ምንይችል ክው አለ። እሳቸው እኮ ስሙን ጠይቀውት ነበር።

«አልጠየቅኋቸውም» አለ። ገበያው እስኪበተን በዚያ የሚያልፉትን እናቶች ሁሉ ፊት እያየ ቆመ።