የገነፈለው የኡዶን ድስት

«ነገርሽው?»

«ኧረ አልነገርኩትም። ዝም ብዬ ውሃ ጨመርኩበት።»

«ቢነቃብሽስ?»

«አይነቃም። ብቻ እንዳወቅንበት አይወቅ።»

መርማሪ ኢሶጋይ ይህን የሰማው በሰባት ዓመቱ፣ ከወረቀት በር ጀርባ ጋደም ብሎ ነው። የሚነጋገሩት እናቱና አክስቱ ይመስሉታል፤ ስለ ማን እንደነበር ግን አያስታውስም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ወጥ ቤት በገባ ቁጥር ያ ንግግር ሽው ይልበታል። ዛሬም ታካማትሱ ከተማ ዳርቻ፣ የእማማ ኪሚዮን ወጥ ቤት ደፍ ሲረግጥ ሽው አለበት።

እማማ ኪሚዮ የሰባ አንድ ዓመት ባልቴት ነበሩ። ኡዶናቸውን፣ ያንን ወፍራም የስንዴ ኑድል፣ የሰፈሩ ሰው እንደ በዓል ይጠብቀዋል። የሩዝ ተከላ ባለቀ ቁጥር ለሰባት ጎረቤት ቀቅለው ያድላሉ። ዛሬም ለዚያው ሲጣደፉ ነበር። ቀትር ላይ ልጃቸው ሚትሱሃሩ ለምሳ ከወደቡ ሲመለስ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ በግራ እጃቸው አንድ የደረቀ ዓሣ እንደያዙ ሞተው አገኛቸው። ምድጃው እሳት የለውም፤ የጋዙ ቁልፍ ግን ክፍት ነው። በዚያ ሙቀት መስኮቱም በሩም ተዘግተዋል።

ኢሶጋይ ለሙታን በሚጸለይበት የቤቱ ትንሽ መሠዊያ ፊት እጆቹን አጋጥሞ ለነፍሳቸው ጸለየ፤ ከዚያ ነው ሥራውን የጀመረው።

«ሐኪሙ የገደላት ጋዝ ነው ይላል» አሉ የሟች ታናሽ እህት እትዬ ቶኪኤ፣ ማራገቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ። «እህቴ እኮ ዓይኗን ጨፍና ዓሣው ከየትኛው ደሴት እንደመጣ የምትናገር ሴት ናት! እሷ ጋዝ ሳይሸታት? ሻይዋ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ጨምሮ ጋዙን የከፈተባት ሰው አለ። ጠዋት ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል።»

«ከማን ጋር?»

እትዬ ቶኪኤ ጥግ ላይ ወደ ተንበረከከችው የሟች ምራት፣ ወደ ሚትሱሃሩ ሚስት ሳዮ፣ በማራገቢያቸው አመለከቱ።

«ሳዮ፣ ጠዋት የት ነበርሽ?» አላት ኢሶጋይ።

«ገበያ።»

«ቅርጫትሽ ባዶ ነው።»

ሳዮ አቀረቀረች። በእግር ጥፍሮቿ ሥር ሊጥ ደርቋል፤ የኡዶን ሊጥ የሚታሸው በእግር ተረግጦ ነውና፣ ጠዋት የአማቷን ሊጥ ስትረግጥ ነበር ማለት ነው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«አልናገርም።»

«ብትታሰሪም?»

«ብታሰርም።»

«ተናገሪ እንጂ!» ብሎ ጮኸ ሚትሱሃሩ። «እናቴ ናት የሞተችው! ምን ሠርተሽ ነው አንገትሽን የደፋሽው?»

ሳዮ ባሏን ቀና ብላ አየችው። ፊቷ እስከ አንገቷ ቀላ፤ እንባ ግን አልወጣትም። ኢሶጋይ እንዲህ ያለ ፊት ብዙ ጊዜ አይቷል፤ አንዳንዱ የወንጀለኛ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የሌላ ሰው እፍረት የተሸከመ ሰው።

ተመልሶ ወጥ ቤት ገባ። ሻዩ ከንፈር ሳይነካው እስከ አፉ ሞልቶ ቀዝቅዟል። መክተፊያው ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የተከተፈ ኑድል ተደርድሯል። ከድስቱ አንዱን መዝዞ በጥፍሩ ቆረጠው፤ ዳሩ በስሏል፣ መሃሉ ጥሬ ነው። ድስቱን ሲያነሳ የምድጃው ቀዳዳዎች በደረቀ አረፋ ተደፍነዋል።

መረቅ ሊሠሩባቸው የነበሩት ትናንሽ የደረቁ ዓሦች ሳህን ላይ ነበሩ። ጭንቅላታቸው ወዲህ፣ ሆድ ዕቃቸው ወዲያ፣ በጥንቃቄ ተለይቷል። ጎንበስ ሲል ግን አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አለ። ዓሦቹ የነበሩበትን ከረጢት ገለበጠው፤ ታቹ የሰሞኑ ዝናብ ገብቶበት ሻግቷል።

ከጨው ማሰሮው ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘ፤ የውሃ፣ የጨውና የሶያ መረቅ ልክ ተጽፎበታል።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?» ብሎ ሚትሱሃሩን ጠራው።

«የእናቴ… ግን አይሆንም! እናቴ ለክታ አታውቅም። በሚለኩት ስትስቅ ነው የኖረችው።»

ኢሶጋይ ወረቀቱን እንደያዘ ቆመ። ያኔ ከወረቀቱ በር ጀርባ የሰማው ንግግር ስለ ማን እንደነበር ገባው፤ ስለ ወንድ አያቱ ነበር። ሲያረጁ የሚሠሩት ሾርባ ጨው እየሆነባቸው እናቱ ተደብቃ ውሃ ትጨምርበት ነበር። አንድ ቀን ግን ሳትደርስ ቀረች። እሱ፣ የሰባት ዓመቱ ልጅ፣ በእንግዳ ፊት ሳህኑን ገፍቶ «ጨው ነው!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። አያቱ ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤት አልገቡም። ኢሶጋይ በዚህ ዕድሜው በእፍረት ጆሮው ጋለ።

ሁሉንም መሠዊያው ፊት ሰበሰባቸው።

«ማንም ሰው የእንቅልፍ መድኃኒት አልሰጣቸውም» አለ። «ሻዩ አልተቀመሰም፤ እስከ መጨረሻው ዓሣ ሲያጸዱ ነበር። መስኮቱንም በሩንም የዘጉት ራሳቸው ናቸው። ለምን ይመስልሃል፣ ሚትሱሃሩ?»

«የተከተፈው ኑድል ነፋስ ካገኘው ይደርቃል…» አለ ሚትሱሃሩ ቀስ ብሎ።

«አዎ። ከኑድሉ ከፊሉን ድስቱ ውስጥ ከተው ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው ተቀመጡ። ድስቱ ገነፈለ፣ አረፋው እሳቱን አጠፋው። ሰው ቢሆን ኖሮ ያጠፋው፣ ቀዳዳው በአረፋ ባልተደፈነ። ያውም ገና ሳይበስል ነው የጠፋው፤ የኑድሉ መሃል ጥሬ ነው።»

«ታዲያ ሽታው!» አሉ እትዬ ቶኪኤ። «ሽታውስ?»

«የሻገተ ዓሣ አንድ በአንድ ሲያጸዱ ነበር፣ እትዬ። እኔ ገና ጎንበስ ስል አፍንጫዬን ያዝኩ። እሳቸው በእጃቸው ይዘውት አልሸተታቸውም። ልኩን ጽፈው ጨው ሥር የደበቁትም ምላሳቸው ስለማይነግራቸው ነው። እማማ ኪሚዮ ማሽተት ካቆሙ ቆይተዋል። እስከ ዛሬ የቀመሰላቸው ሌላ ሰው ነው።»

ሳዮ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

«ማልኩላቸው እኮ…» አለች። «ከአዲስ ዓመት በፊት በብርዱ ያንን ጉንፋን ከታመሙ ወዲህ ነው። እኔ ቀምሼ በጣቴ አሳያቸው ነበር፤ አንድ ጣት ጨው አነሰ፣ ሁለት ጣት በዛ። ዛሬ ‹ለሚትሱሃሩ እንንገረው፣ አደጋ ነው› አልኳቸው። ‹ውጪልኝ፣ ብቻዬን እችላለሁ› አሉኝ። ወጣሁ። ተናድጄ ወጣሁ! ገበያ ደርሼ ምንም ሳልገዛ ቆሜ ዋልኩ። አሁን ደግሞ ሞተው ገመናቸውን ላውጣ?»

«አንቺ አልነገርሽኝም» አላት ኢሶጋይ። «ዓሣው ነው የነገረኝ።»

ሚትሱሃሩ ሚስቱን ሊያያት ፈልጎ አቃተው፤ ምንጣፉን እያየ «ሳዮ፣ እኔ…» ብሎ ቀረ።

«ግን ከእኔ ለምን ትደብቃለች?» አሉ እትዬ ቶኪኤ። «እህቷ አይደለሁም?»

ሳዮ እትዬ ቶኪኤን ቀና ብላ አየቻቸው። የእትዬ ቶኪኤ ማራገቢያ ቆመ።

«አዲስ ዓመት…» አሉ በራሳቸው ጊዜ። «መረቁ ጨው ሆኖ ‹እህቴ፣ ከባሕር ቀድተሽ ነው?› አልኳት። አሥራ ሁለት ሰው ነበር። እሷም አብራን ሳቀች።»

«እኔም በአያቴ ላይ እንዲሁ አድርጌአለሁ» አለ ኢሶጋይ። «ይቅርታ የምጠይቅበት በር አላገኘሁም፤ አያቴ የሉም። ለእርስዎ ግን በር ሞልቷል። ከቀትር ወዲህ ስንት ቤት አንኳኩተው ‹ሳዮ ገደለቻት› አሉ?»

«ሰባቱንም» አሉ እትዬ ቶኪኤ። «ደግሞ በየትኛው አፌ ልመለስ?»

ሳዮ ዓይኗን ጠረገች። «እማማ ለሰባቱ ቤት ኡዶን ሊያደርሱ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሊጡን እኔ እረግጣለሁ። መረቁን እርስዎ ይቅመሱልኝ፤ ሳህኑንም እርስዎ ያድርሱት።»

እትዬ ቶኪኤ ግንባራቸው ምንጣፉን እስኪነካ ለሳዮ ጎንበስ አሉ።

«በየበሩ ‹ድስቱ ነው የገደላት፣ እንድትደብቅ ያደረጋት ግን የእኔ ሳቅ ነው› እላለሁ» አሉ። «እሺ። ከሁሉ በላይ ከጮህኩበት ቤት እጀምራለሁ።»