ለጫጩቶቹ የተቆረጠው አይነ ርግብ

መጀመሪያ ያየኝ ጓሮዬ ውስጥ ተንበርክኬ፣ እጄን እስከ ክርኔ ኩሬው ውስጥ ነክሬ ስጮህ ነው። እንዲህ ሆኖ ፍቅር የያዘው ሰው ታውቃላችሁ? እኔን ያዘኝ!

«ምን ሆንሽ?» አለ በሩ ላይ ደርቆ።

«እየበላቻቸው ነው! እናትየዋ ራሷ ልጆቿን እየበላቻቸው ነው!»

ኩሬውን ቆፍሮ ዓሣ የጨመረበት አባቴ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ዓሣዎቹ ፈልፍለው አያውቁም። የዚያን ቀን ግን የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ የዓሣ ጫጩቶች ሲርመሰመሱ አየሁ። ደስታዬን ሳልጨርስ ትልልቆቹ ይውጧቸው ጀመር። እነሱ ካለቁ አባቴ ዳግመኛ የሚሞት መሰለኝ።

«ትልልቆቹን እናውጣቸዋ!» አለ ወደ ኩሬው እየቀረበ።

«የት ላድርጋቸው? ባልዲ ውስጥ ይሞታሉ!»

«እንግዲያው በመረብ እንለያያቸው።»

«የኔ መረብ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ጫጩቶቹ ሾልከው ያልፋሉ!»

ልብስ ሰፊ ነኝ። እሱ የመጣው የሰፋሁትን የሙሽራ አይነ ርግብ ሊወስድ ነበር። ሙሽሪት ለልኬት ብቻዋን ስለመጣች ሙሽራውን አይቼው አላውቅም። «ይኸው እሱ ነው» አልኩ በልቤ።

ቤት ገብቶ አይነ ርግቡን ይዞ ወጣ።

«ይሄ ደቃቅ ነው። ቁረጪው!»

«አብደሃል? ሙሽሪት ምን ትላለች?»

«እሷን ለኔ ተያት። አንቺ ሌላ ትሰፊያለሽ።»

ቆርጬ ሰጠሁት፤ ከነጫማው ኩሬው ውስጥ ገባ። ትልልቆቹን ወደ አንድ ጥግ ነድተን አይነ ርግቡን ኩሬው መሃል ወጠርነው፤ ታችኛውን ጠርዝ በድንጋይ አስያዘው። ውሃው ውስጥ ጣታችን ሲነካካ እጄን ሰበሰብኩ። የሰው ባል! ወይኔ ጉዴ!

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲወጣ ብቅ ማለት አመጣ። «ልጆቻችን እንዴት ዋሉ?» ሲለኝ ልቤ ቅቤ ይጠጣል፤ ወዲያው ፍርሃት ይወረኛል። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ራስህን ጠይቅ!»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኔም በሩን ዘግቼ ተንሰቀሰቅኩ።

ሠርጉ ሲቃረብ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ዘነበ። ኩሬው ገንፍሎ ጫጩቶቹን ወደ ቦዩ ሊወስዳቸው ሆነ! ከአይነ ርግቡ የተረፈውን ይዤ ሮጥኩና ውሃው በሚወጣበት በኩል ወጠርኩት። ግን ሁለት እጅ ምን ይበቃል? አንዱ ጫፍ አመለጠኝ።

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ።

አጥር ዘሎ የመጣው እሱ ነው። ጫፉን ለቀም አደረገው።

«አትምጣ አላልኩህም?»

«ዝናቡን አይቼ ለጫጩቶቹ ፈርቼ ነው! እንዳትለቂ! ስድቡ ኋላ ይደርሳል!»

ዝናቡ ፊታችንን ይገርፈናል። እኔ አለቅሳለሁ።

«ሂድ... እጮኛህ ትጠብቅሃለች!»

«የምን እጮኛ?»

«አይነ ርግቡ የማን ነው ታዲያ?»

«የእህቴ ነዋ!»

ጨርቁ ከእጄ ሊያመልጥ ሆነ።

«እንዳትለቂ አልኩሽ እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ ቀጥሎ ድምፁ ለሰለሰ። «መጀመሪያ የመጣሁት ለእህቴ ብዬ ነው። የተመላለስኩት ግን ላንቺ ነው።»

ዝናቡ ሲያባራ ጎንበስ ብለን አየን። ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ይንቀሳቀሳሉ።

«አሉ!» አለ። «አሉልሽ!»

አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

«አሁንም እፈራለሁ...»

«ምን?»

«እንዳላጣህ።»

«እኔም እፈራለሁ» አለኝ ጭቃውን ከጉንጬ እየጠረገ። «አብረን እንፈራዋ።»

ዓመት ሳይሞላ ተጋባን። ዛሬም ሰማዩ ሲያጉረመርም ሁለታችንም በባዶ እግራችን ወደ ጓሮ እንሮጣለን።