የካልደር ፕሩት ቀኝ ትከሻ

ኦጊ ላስኮ ማክሰኞ ማለዳ በበረዶ ገንዳው ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ ተገኘ። የቶሊዶው ሄሮንስ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ወጌሻ፣ ግዙፍ ሰው ነበር። ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ እግራቸውን የሚነክሩበትን ያንን ገንዳ ያስገጠመው እሱ ነው፤ የሚያጥበውም፣ በረዶ የሚሞላውም እሱ። ግንባሩ ላይ የገንዳው ጠርዝ ያወጣው የሚመስል ሰንበር አለ። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች አንሸራትቶት ወደቀ ብለው ነገሩን ጨርሰውታል።

መርማሪ ቬርና ዚሊንስኪ አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ደጋግማ ያየችው ሰንበሩን ሳይሆን የሸሚዙን እጅጌዎች ነበር። ሁለቱም እስከ አንጓው ድረስ ወርደው ተቆልፈዋል።

«ዝውውሩ የሚያልፍ ይመስልሻል?» አላት ከኋላዋ የቆመው አለቃዋ፣ ካፒቴን ዱገን።

«ሰው ሞቷል እኮ፣ ካፒቴን።»

«አይቻለሁ። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው።»

ካፒቴኑ የሄሮንስ የዓመት ትኬት ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የተጫዋቾች ዝውውር እንደሚዘጋና እስከዚያ የተጨበጠ ነገር ካላመጣች መዝገቡ በአደጋ እንደሚዘጋ ነገራት። ካልደር ፕሩትን ያለ ማስረጃ ብትነካው ደግሞ ከተማው ሁለቱንም በቁማቸው እንደሚበላቸው አከለበት።

ፕሩት የቡድኑ ኳርተርባክ ነው። ኳሷን የሚወረውረው፣ አሥሩን ሰው የሚያዝዘው እሱ ነው፤ ሄሮንስም ያለ እሱ ምንም እንዳልሆነ ቶሊዶ ውስጥ የማያውቅ የለም። እሱም ያውቃል። ከዋናው አሠልጣኝ ከሆሊስ ብራንት ጋር ከተኳረፈ ወዲህ ለቡድኑ ባለቤት ለሚስስ ዶሮቲያ ኬሰል ቁርጡን ነግሯታል፦ ወይ አሠልጣኙ ይሂድ፣ ወይ እኔን ሽጪኝ። የቦይዚ ቡድን ሊወስደው ተዘጋጅቷል። ሚስስ ኬሰልም በጋዜጠኞች ፊት ሳትሸሽግ ተናገረች። ዝውውሩ ካለፈ ልጁ ይሄዳል፣ አሠልጣኙ ይቆያል። ካላለፈ ልጁ ይቆያል፣ አሠልጣኙ ዕቃውን ይሸክፋል።

ቬርና ሚስስ ኬሰልን ለማነጋገር ወደ ቢሮዋ ስትሄድ አሠልጣኝ ብራንትን ኮሪደሩ ላይ አለፈችው። ከረዳቱ ጋር ያወራ ነበር። ከእጁ የማይለየውን፣ የጨዋታ ስልቶች የታተሙበትን በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አፉ ላይ ደግኖ ዓይኑን ብቻ አስቀርቷል። ስታልፍ ዝም አለ።

ሚስስ ኬሰል ወንበር እንኳ አላቀረበችላትም።

«ሰውዬው ሌላ ቀን አጣ?» አለቻት። ከዚያ ስለ ቦይዚ ማውራት ጀመረች፤ ቬርና ስለ ኦጊ ላስኮ ስትጠይቃት ጥሩ ሰው እንደነበር፣ ስሙ ግን ኦገስት ይሁን ኦጉስቲን እንደማታስታውስ ተናገረች።

በኮሪደሩ ጫፍ የተሰቀለው የደኅንነት ካሜራ ድምፅ አይቀዳም፤ ገንዳው ያለበትን የሕክምና ክፍል በር ግን አጥርቶ ያሳያል። ሰኞ የጨዋታ ማግስት ነው፣ ሕንፃው ጭር ይላል። ከሰዓት በኋላ ወደ በሩ የመጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ የፕሩት ወኪል ሲድ ቫንዲቨር፣ ቀጥሎ ራሱ ፕሩት፣ በመጨረሻ አሠልጣኝ ብራንት። እስከ ማለዳ ድረስ ከዚያ በኋላ ማንም አልገባም። ኦጊም አልወጣም።

ቫንዲቨር ፈገግታው ከፊቱ የማይጠፋ ሰው ነው። ቦይዚዎች ልጁን አስመጥተው ለመመርመር ጊዜ እንዳልነበራቸው፣ ስለዚህ የእነሱ ወጌሻ ማክሰኞ ጠዋት ለኦጊ ሊደውል እንደነበር ነገራት።

«ስልክ ብቻ? ለዚህ ሁሉ ሚሊዮን?»

«ወጌሾች እርስ በርሳቸው አይዋሹም፣ መርማሪ። እኛ ሁላችን እንዋሻለን፤ እነሱ አይዋሹም። ስለዚህ ሄጄ፣ ‹ኦጊ፣ ልጁ ጤነኛ ነው ትላቸዋለህ አይደል?› አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«‹ያየሁትን እነግራቸዋለሁ› አለኝ።» ፈገግታው ለአፍታ ደበዘዘ። «አሁን ማን እንደሚያናግራቸው እንጃ። እርስዎ ዶክተር ያውቃሉ?»

ቬርና ማስታወሻዋን ዘግታ ወጣች። ሦስተኛ ሰው ማነጋገሯ ነበር፤ ሦስቱም አንድ ዘፈን ነው የዘፈኑት። የሞተው ሰው ለሁሉም መንገድ ላይ የተጋደመ ግንድ ሆኖባቸዋል።

ፕሩትን በልብስ መቀየሪያው ክፍል ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። ካሜራው ላይ ከኦጊ ዘንድ ሲወጣ ቀኝ ትከሻው በበረዶ ከረጢት ተሸፍኖ፣ ክንዱ ከጎድኑ ጋር በፕላስቲክ ግጥም ተደርጎ ታስሮ ነበር። አሁን ጃኬት ደርቧል። በግራ እጁ ዚፑን ለመዝጋት ይታገላል።

«ትናንት ኳስ ወርውረሃል?» አለችው።

«ሰኞ ማንም አይወረውርም።»

«ታዲያ በረዶው ለምንድን ነው? ሲደክማችሁ ትከሻችሁን ያቀዘቅዙላችኋል፣ እሱን አውቃለሁ። ክንድን ከጎን ጋር መጠፈር ግን የድካም አይደለም።»

ልጁ ዚፑን ተወው።

«እርስዎ ጨዋታ ያያሉ እንዴ?»

«አላይም። ሰው አያለሁ።»

ጃኬቱን ከትከሻው ገለጥ አደረገ። ከዚያ ጅማቱ እንደተበጠሰ ነገራት። ያወቀው ኦጊ ብቻ ነው፤ እየጠቀለለ፣ እያሸ፣ ሲብስበት እየተቆጣው እስካሁን አድርሶታል። «ያስፈራራሁት ሁሉ ባዶ እጄን ነው» አላት። «ሚስስ ኬሰልን፣ ኮች ብራንትን፣ ቦይዚን። ሁሉም ይህን ክንድ ፈርተው ነው የሚለማመጡኝ። ኮች ግን ጠርጥሮ ነበር መሰለኝ፤ ስወረውር ዓይኑን ከትከሻዬ አያነሳም።»

«ኦጊን እንዳይናገር ለምነኸዋል?»

«ለምኜዋለሁ። ጮኼበታለሁም።»

«እሱስ?»

«እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ጠቅልሎ አሰረኝና፣ ‹ሂድ ተኛ፣ አንተ ጅል› አለኝ።»

አሠልጣኝ ብራንት በበኩሉ ንግግሩ አጭር ነበር። ራስ ምታት ይዞት ክኒን ፍለጋ ሄደ፤ በሩን ከፈተ፤ ማንም አልነበረም። ክኒኑን ከመደርደሪያው አንስቶ ወጣ። ገንዳው ከግድግዳ ጀርባ ስለሆነ ከበሩ አይታይም።

«ባዶ ክፍል ነው ያየሁት» አላት። «ከእኔ በፊት የወጣውን ሰው ጠይቂ። ደግሞ ቶሎ በይ፤ አሥር ሰዓት ላይ አውሮፕላን ይሳፈራል።»

ቬርና ነገሩን አገላብጣ አየችው። አሠልጣኙ እውነቱን ከሆነ ኦጊ እሱ ሲደርስ ገንዳው ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ቀድሞ የወጣው ደግሞ ፕሩት ነው። ምክንያትም አለው፣ ከማንም የከበደ። ለካፒቴኑ ስትደውል ሰውዬው ስልኩ ላይ አቃሰተ። ልጁ ነው ካለች ማሰር እንደሚኖርባቸው፣ አይደለም ካለች ደግሞ አደጋ ብሎ መዝጋት እንደሚቀል ነገራት። ሁለቱም አልዋጥላት አለ። ክንዱ የተጠፈረ ልጅ ያንን የሚያህል ግዙፍ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚጥለው? ይሁንና «እንዴት አድርጎ» ማስረጃ አይሆንም።

ከስታዲየሙ ማዶ ካለችው ምግብ ቤት ገብታ በርበሬ የበዛበት የቋሊማ ሳንድዊች አዘዘች። አልበላችውም። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የእሁዱን ጨዋታ እየደጋገመ ያሳያል። አሠልጣኝ ብራንት መስመሩ ዳር ቆሞ፣ ወረቀቱን አፉ ላይ ደግኖ በማይክሮፎኑ ትእዛዝ ይሰጣል።

«ይሄ ሰውዬ ጥርስ የለውም እንዴ?» አለች ቬርና ለአስተናጋጇ።

አስተናጋጇ ሳቀች። «ከንፈሩን እንዳያነቡበት ነዋ። ሌላው ቡድን በካሜራ አይቶ የሚለውን የሚያውቅ ሰው አለው። ባለፈው ቤተ ክርስቲያን አየሁት፤ የቪዲዮ ቀራጭ ቆሞበት ከቄሱ ጋር ሲያወራ የመዝሙር መጽሐፉን እንዲህ አድርጎ ይዞታል። ለምዶበት ነው።»

ቬርና ሳንድዊቹን ትታ ተነሳች።

አሥር ሰዓት ሲቃረብ ሁሉንም በሚስስ ኬሰል የስብሰባ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ከመስኮቱ ውጭ ሜዳው በቀለጠ በረዶ ጨቅይቷል። ሚስስ ኬሰል ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኑራ እጇንም ዓይኗንም ከላዩ አላነሳችም። ቫንዲቨር ከፕሩት ጎን፣ ብራንት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ካፒቴን ዱገን በሩን ተደግፎ ቆመ፤ ፊቱ ላብ አውጥቷል።

«ይሄ ነገር ብዙ ይወስዳል?» አለች ሚስስ ኬሰል።

«ኦጊ ላስኮን አላንሸራተተውም» አለች ቬርና። «ሰው ገንዳ ሊያጥብ ወይም በረዶ ሊነካ ሲጎነበስ እጅጌውን ይሰበስባል። እሱ ይህን ሥራ ሲሠራ ነው ያረጀው። እጅጌው ግን ተቆልፏል። ወደ ገንዳው የሄደው ሊሠራ አይደለም፤ ተገፍቶ ነው።»

ቬርና ወደ ፕሩት አየች።

«የሞተው የፕሩት ትከሻ ስለተበጠሰ ነው።»

ቫንዲቨር ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ሚስስ ኬሰል ወደ ልጁ ዞረች፤ ፕሩት ዓይኑን አላሸሸም። እጇ ስልኩን ለቀቀ።

«ኦጊ ይህን ዛሬ ጠዋት ለቦይዚ ወጌሻ ሊናገር ነበር። ቢናገር ዝውውሩ ይፈርሳል። ይህን የማይፈልጉ እዚህ ሦስት ሰዎች አሉ። ወኪሉ ሲወጣ ኦጊ ደህና ነበር፤ ከእሱ በኋላ የገባውን ልጅ ጠቅልሏላ። ሰው የራሱን ትከሻ በራሱ እጅ እንደዚያ አድርጎ ሊጠፍር አይችልም። ፕሩት ሲወጣ አንድ ክንዱ ታስሯል፣ ያውም የሚወረውርበት ቀኙ። በአንድ እጅ ኦጊን ጣለው የሚል ካለ ይንገረኝ። ኮች ግን ክፍሉ ባዶ ነበር ብለውኛል።»

«ባዶ ነበር» አለ ብራንት።

ቬርና ቪዲዮውን ከፈተችው። ብራንት በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ቆሟል። አንድ እጁ እጀታው ላይ ነው። ሌላው እጁ ወረቀቱን ወደ አፉ አነሳ። አወረደ። ጠበቀ። እንደገና አነሳ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አወረደ። ሦስተኛ አነሳ። ከዚያ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ብቻውን ወጣ።

«ስልክ አልያዙም፤ ሁለቱም እጆችዎ ይታያሉ» አለች።

«ኦጊ፣ ኦጊ ብዬ ተጣራሁ። ምን አለበት?»

«ሰው ሲጣራ አፉን አይሸፍንም፣ ኮች። ደግሞ ተናግረው ያዳምጣሉ፣ መልሰው ይናገራሉ። በባዶ ክፍል ተራ አይጠበቅም። ካሜራው በስተቀኝዎ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ እጅዎ ሳያማክርዎ ተነሳ። ምን እንዳሉ ማንም እንዳያውቅ ሸፈኑት። በዚያው ግን ከክፍሉ ውስጥ የሚሰማዎ ሰው እንደነበር ነገሩን። ፕሩት ከሄደ በኋላ ኦጊ በሕይወት ነበር። ከእርስዎ በኋላ ግን የገባ የለም።»

ብራንት ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፤ ወደ አፉ ሲያደርሰው ነቃና ገልብጦ መልሶ አስቀመጠው።

«ትከሻውን ከእኔ በፊት ያየ የለም» አለ። «ሲወረውር ኳሷ ሳትደርስ ስትወድቅ አየሁ። ኦጊን ሦስት ጊዜ ለመንኩት። ጤነኛ ነው በላቸው፣ ከዚያ በኋላ የራሳቸው ጣጣ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። ተከትዬ ገባሁና ገፋሁት።»

«ሲወድቅስ?»

«ይነሳል ብዬ ነው።»

«ቆመህ አይተሃል?»

ብራንት ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ካፒቴን ዱገን ከበሩ ተላቀቀና፣ በድንጋጤ ይሁን በአክብሮት፣ ወንበሩን ጎትቶለት አስነሳው። ሊያስወጣው ሲል የሚስስ ኬሰል ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ቦይዚ ናቸው።

ሚስስ ኬሰል ስልኩን አየችው፤ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ልጁን። «ካላነሳሁት ነገ አሠልጣኝም ኳርተርባክም የለኝም» አለች። «ባነሳውስ ምን እላለሁ?»

ቫንዲቨር ፕሩትን በክርኑ ነካ አደረገው። «ትንሽ ደቂቃ ነው የቀረው። ዝም በል፣ እኔ ልናገር።»

ፕሩት በግራ እጁ ስልኩን አነሳ።

«ካልደር ፕሩት ነኝ» አለ። «ኦጊ ላስኮ ሊነግራችሁ የነበረውን ልንገራችሁ። ቀኝ ትከሻዬ ተበጥሷል። አዎ። አይ፣ በደንብ ነው የተበጠሰው።» ትንሽ አዳመጠና ስልኩን ዘግቶ ለሚስስ ኬሰል መለሰላት። ወኪሉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ቬርና ወረቀቷን ሰብስባ ወደ በሩ ስትሄድ ልጁ ጠራት።

«መርማሪ፣ ቀብሩ መቼ ነው?»

ከማለዳ ጀምሮ ያነጋገረቻቸውን ሁሉ ስለ ዝውውር ብቻ ያወራሉ ብላ ስትቆጣቸው ነበር የዋለችው። አሁን እጀታውን እንደያዘች ቆመች። ስለ ቀብሩ እሷም ማንንም አልጠየቀችም ነበር።