በእህት ካርድ የታከመችው

ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አንገቱ ላይ ጨርቅ ሲታሰርለት ምላሱ ይፈታል፤ ስለዚህ የሰፈሩን ወሬ ሳልፈልግም እሰማለሁ። የምኖረው ሥራ ፍለጋ ከሌላ አገር የመጣን ሰዎች በተሰበሰብንበት ሰፈር ነው። ዛሬ የምነግራችሁን የሁለት እህትማማቾች ጉዳይ ግን ከወሬ አልሰማሁትም፤ አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የቀረውን ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ።

ከሱቄ በላይ ባለው ክፍል ይኖራሉ። ታላቋ ቀደም ብላ የመጣች፣ የሥራ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በስፌት መኪና የምትሰፋ ናት። ታናሿ በቅርቡ መጥታ ቢሮ ታጸዳለች።

ባለፈው ጊዜ የሕክምና ደንቡ ተለወጠ። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው በነጻ የሚታከምበት ካርድ ከእንግዲህ በቅርብ ለመጣ ስደተኛ አይሰጥም ተባለ። ታናሿም ካርድ አልባ ሆነች። ደንቡ ደግ ነው አልልም፤ የሚያም ነገር ነው። እኛ ግን በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ጨመርንበት።

ከደንበኞቼ አንዱ፣ "ራዲዮ" የምንለው ዘበኛ፣ ጢሙን እያስተካከልኩለት እንዲህ አለ፦

"ስለ ካርድ ሊጠይቅ የሄደ ሁሉ ስሙ ይመዘገባል። ስሙ የተመዘገበ ሰው ደግሞ አንድ ቀን በሩ ይንኳኳል።"

"ማን ነገረህ?" አልኩት።

"ይሄ ይነገራል እንዴ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!"

በዚያው ሰሞን የጤና ጣቢያው አስተርጓሚ መጥታ ሱቄ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች። የእኛኑ ቋንቋ የምትናገር ወጣት ሴት ናት። "ጥያቄ ያላችሁ ኑ፣ ሁሉም አልተከለከለም" ብላ ሄደች።

"አስተያየቷን አያችሁት? አንድ በአንድ ነው ያነሳችን" አለ ራዲዮ። ከዚያ ወዲህ ስሟ "ካሜራ" ሆኖ ቀረ። ማስታወቂያውን ማንም ሳያነበው አንዱ ገንጥሎ ጣለው።

ብዙም ሳይቆይ ታናሿን ቶንሲል ያዛት። ምራቋን መዋጥ አቃታት።

"በእኔ ካርድ ሂጂ። መልካችን እንደሆነ አንድ ነው" አለቻት ታላቋ።

"ቢያውቁብንስ?"

"ምን ያውቃሉ? የአንድ እናት ልጆች አይደለን! ብቻ ብዙ አታውሪ፤ ካሜራን እንዳትጠሪ።"

ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። የጤና መኮንኑ መዝገቡን ከፍቶ "ፔኒሲሊን አይስማማሽም ይላል" አላት። ታላቋ ይህ ችግር እንዳለባት ያወቀችው እዚህ ከመጣች በኋላ ነው፤ ለእህቷም ነግራት አታውቅም። ታናሿ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትድነው በፔኒሲሊን ነው። "ይስማማኛል" አለች በተሰባበረ ቋንቋ። ሰውዬው ተጠራጥሮ አስተርጓሚ ልጥራ ሲል "አያስፈልግም!" አለች። በጥቂቱ ሞክሮ አየ፤ ምንም አልሆነችም። እሱም የማስጠንቀቂያውን ቃል ሰርዞ ወጋት። በቀናት ውስጥ ዳነች፣ ነገሩም ተረሳ።

ከዚያ ታላቋን የስፌት መኪናው መርፌ ጣቷን ወጋት። ቁስሉ ሲያመረቅዝ "ሐኪም ጋ ሂጂ" አልኳት።

"አሁን በቶንሲል ታክሜ፣ አሁን ደግሞ በጣት ብመጣ አይጠረጥሩኝም?" አለችኝ። እህቷ በእሷ ካርድ እንደታከመች ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ሥራ ሄደች። እጇ እስከ ክርኗ አብጦ፣ በትኩሳት እየቃዠች እዚያው መኪናዋ ላይ ተደፋች።

ሆስፒታል ያደረሷት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። እኔና ታናሿ ተከትለን ደረስን። ከመጋረጃው በስተኋላ ትቃዣለች። ብቅ ያለችው ማን ናት? ካሜራ! ለካ ለሆስፒታሉም ትተረጉማለች።

"የበሽተኛዋ ምንድን ናችሁ?" አለች።

"ጎረቤት" አለች ታናሿ።

ዞር ብዬ አየኋት። እህቷን ካደቻት! ክንዴን ቆንጥጣ ያዘችኝ።

"መዝገቧ ላይ ፔኒሲሊን ይስማማታል ስለሚል እሱን ሊጀምሩላት ነው። ቀድሞ አይስማማትም ይል ነበር፤ በቅርቡ ነው የተሰረዘው። የምታውቁት ነገር አለ?"

የታናሿ ፊት አመድ መሰለ። ስለ መድኃኒቱ እኔ የማውቀው አልነበረም፤ እሷ ግን ገባት። አፏን ከፈተች። በሩ ላይ የቆመውን ጥበቃ አየች። መልሳ ዘጋችው።

"የለም" አለች።

ካሜራ ወደ መጋረጃው ውስጥ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ ከመጋረጃው በኩል ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ ጩኸትና ሩጫ። ታናሿ እኔን ገፍትራ ገባች።

"መዝገቡ ላይ ያለችው እኔ ነኝ! የተወጋሁት እኔ ነኝ! እህቴ ናት፣ እህቴን አትግደሏት!"

ካሜራ ለምን ብላ አልጠየቀቻትም። ቃል ሳታጎድል ለሐኪሙ ተረጎመችለት። መድኃኒቱን አቋረጡ፣ ማርከሻ ሰጧት፣ በጉሮሮዋ ቱቦ አስገቡላት።

ታላቋ ተረፈች። እጇ ግን ዘግይቶ ስለታከመ ሁለቱ ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። ለመኪና ሰፊ ሁለት ጣት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

"አሁን ለማን ልትነግሪብኝ ነው?" አለቻት ታናሿ ካሜራን እያለቀሰች።

"ለሐኪሙ ነገርኩ። ሥራዬ እሱ ነው" አለች አስተርጓሚዋ። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ድንገተኛ ሕመም፣ እርግዝናና ተላላፊ በሽታ ለማንም አልተከለከለም። ለሌላው ደግሞ፣ ለቶንሲልም ቢሆን፣ ስም ሳይጠይቅ የሚያክም የበጎ ፈቃድ ክሊኒክ ሁለት መንገድ ተሻግሮ አለ።

ምንም አልደረሰባቸውም ብዬ አልዋሻችሁም። የታላቋ ካርድ እስኪጣራ ታግዶ ቆየ፣ ታናሿም ማስጠንቀቂያ ደረሳት። በራቸውን ያንኳኳ ግን የለም።

ወገኖቼ! መጠርጠር ነውር አይደለም፤ ስደተኛን ያኖረው ጥርጣሬው ነው። ጠርጥሮ አለመጠየቅ ግን ይገድላል። ከወንበሬ ላይ ወሬ እንጂ ሕክምና አይገኝም። ደንብ ሲለወጥ ምን ተከለከለ፣ ምን ቀረ ብላችሁ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ። አንዱን ባታምኑ ሁለተኛ ጠይቁ። ካርድ ግን አትዋሱ፣ አታውሱ።

የታላቋ ካርድ የተመለሰላት ዕለት በፋብሪካው ልብስ የምትተኩስ ጓደኛዋ ሱቄ በር ላይ አገኘቻት።

"ወገቤን ሊገድለኝ ነው። ለነገ ብቻ ካርድሽን አውሺኝ፣ እህት ዓለም" ስትላት ሰማሁ።

ታላቋ የማይታጠፉትን ጣቶቿን አሻሸች።

"ቀሚሴን አውስሻለሁ። አልጋዬንም እለቅልሻለሁ። በሽታዬን ግን ለእኔ ተዪልኝ" አለቻት። ቀጥላም "ነይ፣ ካሜራ ጋ እንሂድ" አለች።

"ካሜራ ጋ? አብደሻል?"

"አትፍሪ። አብሬሽ ገብቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ" አለችና በደህናው እጇ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት።